የሜዳ ቴኒስ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

በመምህራን ማረፊያ «ሜዳ የሌለው የሜዳ ቴኒስ ክበብ» እያላችሁ ለምትቀልዱ ባልደረቦቼ፦ ሜዳ አለን። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለው የመረብ ኳስ መጫወቻ ሐሙስ ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ የእኛ ነው። አባላት 26፣ ራኬት 5። ስብሰባዎቹ በዕቅዱ መሠረት ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር የታሰበው ግጥሚያ መጓጓዣ ባለመገኘቱ ቀርቷል።

ግንቦት ላይ የሚኒ ሚዲያ ተራ ደረሰን። እኔ ስለ አንድ ወንድ ሻምፒዮን ልናቀርብ አስቤ ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል አባላችን ግን እንግሊዛዊቷን የቴኒስ ተጫዋች ሻርሎት ኩፐርን ይዛ መጣች። ልጅቷ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፤ ይህን የምጽፈው በራሷ ፈቃድ ነው።

በሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆማ «ጆሯችሁን ድፈኑ» አለች። ትንሽ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ደፈነ፤ ርዕሰ መምህሩም ጭምር። ሁለት አባላት ኳስ መቀባበል ጀመሩ። የቴኒስ ተጫዋች የኳሷን ፍጥነት የሚለየው ከራኬት ስትነሳ በምታሰማው ድምፅም ጭምር ነው፤ ያን ጠዋት ግን ያ ሁሉ ተማሪ በዓይኑ ብቻ ተከተላት። እጃችንን እንድናወርድ ምልክት ሰጥታን ማንበብ ቀጠለች።

ኩፐር የመስማት ችሎታዋን ያጣችው በ26 ዓመቷ ነው። በእንግሊዝ የሚካሄደውን ታላቅ የቴኒስ ውድድር ዊምብልደንን አምስት ጊዜ አሸንፋለች፤ ሦስቱ ድሎች (እ.ኤ.አ. በ1898፣ በ1901 እና በ1908) የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በ1900 ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊቷን ሄለን ፕሬቮን 6 ለ 1 እና 6 ለ 4 ረትታ በግል ውድድር የመጀመሪያዋ ሴት የኦሊምፒክ አሸናፊ ሆነች። ይህ ሁሉ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ቀሚስ! በ1908 ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር፤ የሁለት ልጆች እናትም ነበረች። በዚያ ዕድሜ የዊምብልደንን የሴቶች ነጠላ ያሸነፈች ሌላ ሴት እስካሁን የለችም። ዘመኑ የአማተሮች ስለነበር የገንዘብ ሽልማት አልነበረም። በዚህ እንኳ እኛም አናንስም።

ቴኒስ የቅንጦት ጨዋታ ነው ተብሎ ከበጀቱ ተሰርዘናል። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ የምንለምነው ብዙ አይደለም፤ አንድ መረብ፣ ጥቂት ራኬቶች፣ አንድ ካርቶን ኳስ። ያሉን ኳሶች ፀጉራቸው ረግፎ ሎሚ መስለዋል። ልጅቷ መነሻውን ኳስ ከራስ በላይ መምታት እየለመደች ነው፤ በመስከረም ስትመለስ ክሩ የተበጠሰውን ራኬት እንዳልሰጣት እርዱኝ።