ጎሉን ሳይሆን ልጁን ስለሚሸፍን ትጥቅ

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ኮዬ ፈጬ

ጉዳዩ፦ የቅዳሜውን የክፍል ለክፍል ጨዋታ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሰባተኛ ክፍል በረኛ የታላቅ ወንድሙን ጃኬት ለብሶ መጣ። የኅዳር ብርድ ነው ብለን ዝም አልን። ከዕረፍት በፊት አንዲት ኳስ ደረቱን መታችና እዚያው ቀረች። አልነጠረችም። የስፖርት መምህሩ ዚፑን ቢከፍተው የፍራሽ ስፖንጅ ዱብ ዱብ አለ። ሱሪውም ከጉልበት እስከ ጉልበት በማዳበሪያ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ ኳስ በመሃል እንዳታልፍ መሆኑ ነው። ስፌቱ ያምራል። የቤት ሰው እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ የተጋጣሚው ክፍል ወላጆች ግን አልሳቁም።

ልጁን ብዙ አልተቆጣሁትም። ብልሃቱን ትልልቆቹም ሞክረውታል። ቶኒ ኤስፖዚቶ የተባለ ስመ ጥር የአይስ ሆኪ በረኛ በሱሪው መሃል መረብ ሰፍቶ ነበር፤ ተከለከለ። በዚያ ጨዋታ በበረዶ ላይ የምትመታው 170 ግራም ገደማ የምትመዝን ደረቅ ጎማ ናት። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች፤ ያልታጠቀ በረኛ አለቀለት። ዣክ ፕላንት የሚባለው በ1959 እ.ኤ.አ. ፊቱን ተመትቶ ከተሰፋ በኋላ ጭምብል አጥልቆ ነው ወደ ሜዳ የተመለሰው። ኋላ ግን ትጥቁ እያበጠ ሄደ። ጎሉ ደግሞ 1.83 በ1.22 ሜትር ብቻ ነው፤ ምን ክፍተት ይቀራል? ኤንኤችኤል የተባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግ በ2005 እ.ኤ.አ. የእግር መከላከያውን ስፋት ከ12 ኢንች ወደ 11 ያወረደው ለዚህ ነው።

እኛም ወስነናል። ጓንት፣ ቱታ፣ ኮፍያ፣ የጉልበት መከላከያ ይፈቀዳል። ማሊያው በልኩ ይሁን፤ ቀለሙም ከሁለቱ ቡድኖች ይለይ። ጃኬትና ስፖንጅ አይገባም። የቅልጥም መከላከያ የግድ ነው፤ ግዙ ግን አላልንም፤ ወፍራም ካርቶን ቆርጦ ካልሲ ውስጥ መክተት ለእኛ ሜዳ ይበቃል። ጓንት ሁለት ጥንድ አለን፤ በየተራ ያጠልቃሉ።

ሰዓት፣ ቀለበትና ሐብል ይወልቃል። ማተብ ይበጠስ አላልንም። የብረት መስቀሉ ለክፍል ኃላፊው ይሰጥ፤ ክሩ ከማሊያው ስር ይግባ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 እንጀምራለን። ልጆቹ ከቤት ሲወጡ ደረታቸውን ዳሰስ አድርጉልን። ስፖንጁ ቢሮዬ ጥግ ተቀምጧል፤ ፍራሹ የጎደለበት ወላጅ መጥቶ ይውሰድ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር