ጠባቂ ለሌለው ሳጥን ጣሪያ እንሥራለት፦ ከመንዝ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጆችና ወዳጆች፣ በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ በሚገኘው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤታችን፣ በአራተኛ ክፍል በር አጠገብ አንድ የጣውላ ሳጥን አለ። እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ ላጲስ፣ መቅረጫና ደብተር ይዟል። ቁልፍም ሻጭም የለውም። ልጁ የሚፈልገውን ያነሣና ዋጋውን ጣሳው ውስጥ ይጥላል። ገንዘብ ያልያዘ ስሙን መዝገቡ ላይ ጽፎ ሲያገኝ ይከፍላል።

ሳጥኑ የመጣው በአንድ ጥፋት ምክንያት ነው። አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የጓደኞቹን እርሳስ ሲወስድ ተያዘ። የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝና ተጠርቼ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ ይገረፍ ከሚሉት ወገን ነበርሁ። መምህርቷ ግን ልጁን አስቀምጠው ጠየቁት፤ እቤቱ እርሳስ የሚገዛለት ሰው አልነበረም። በማግሥቱ የክፍሉን እርሳስ ሁሉ ሰብስበው ለእርሱ አስረከቡት። ጠዋት የሚያድለው፣ ሲወጡ ቆጥሮ የሚረከበው እርሱ ሆነ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም አልጎደለም።

እኔ በተማርሁበት ዘመን መቅረጫ ጠፋ ተብሎ ክፍሉ በሙሉ ተንበርክኮ ተገርፏል። የወሰደው አልታወቀም። ያን ቀን የተማርነው አለመስረቅን ሳይሆን አለመያዝን ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ራሱን ችሎ ይሰጣል፤ በደስታ ተቀብለነዋል። ነገር ግን ታማኝነትን ከሰሌዳ ማስገልበጥ ብቻውን አይበቃም፤ ልጅ አደራ ካልተሰጠው አደራ መጠበቅን ከየት ይማራል? ለመንዝ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ጓሳ የተባለውን የመንዝ ተራራማ የሣር መሬት ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ፣ ሣሩ እንዲያገግም ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር። ሣሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ገሳ ነው፤ የማይፈልገው ቤት አልነበረም። ቅጣትም ነበረው፤ ሆኖም ያን ሁሉ ተራራ ዘበኛ ብቻውን አይጠብቀውም። ያቆየው «ነውር ነው» የሚለው ቃል ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ወር የሳጥኑ ሂሳብ ጎድሎ ነበር፤ ይዘጋ ያሉም ነበሩ። አሁንም አንዳንድ ሳምንት ይጎድላል። ሲጎድል በጠዋት ሰልፍ ላይ ይነገራል እንጂ የማንም ስም አይጠራም። አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሞላል፤ ማን እንደሞላው አንጠይቅም። በክልላችን በብዙ ቦታ ትምህርት በተቋረጠባቸው በእነዚህ ዓመታት ልጆች ማየት የማይገባቸውን አይተዋል። ለዚህ ነው ይህች ጣሳ ስትሞላ እንባ የሚመጣብኝ።

አሁን ሳጥኑን ወደ አንድ ክፍል ልናሳድገው ተነሥተናል። መጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ የሚቀመጥበት፣ የሚያውሱትም መዝገብ የሚይዙትም ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚሆኑበት ክፍል ነው። ድንጋዩን ከየማሳው ለቅመን ግድግዳውን በደቦ አቁመናል፤ እናቶች ጠላና ዳቦ ይዘው ወጥተዋል፤ ለማዋቀሪያ የሚሆን ባሕር ዛፍ ከየጓሯቸው ቆርጠው የሰጡም አሉ። ከአቅማችን በላይ የሆነው 40 ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ አንድ በር፣ ሁለት መስኮትና የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ለልጆች የሚሆኑ የአማርኛ ተረቶችና የሳይንስ መጻሕፍትም እንፈልጋለን፤ ገጻቸው ከተሟላ ያገለገሉ ቢሆኑ ግድ የለም።

ገንዘብ የምትሰጡ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሂሳብ እንድታስገቡ፣ ወይም በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል በደረሰኝ እንድትሰጡ እንለምናለን። ያለ ደረሰኝ ለማንም አትስጡ። ገቢና ወጪው በየወሩ ከሳጥኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ልጆቹን ታመኑ እያልን እኛ ሂሳብ ብንሸሽግ አያምርብንም። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ያላችሁ መጻሕፍቱን ወደ መሐል ሜዳ ለሚመጣ ዘመድ ብታስይዙልን ከአውቶቡስ መናኸሪያ ሄደን እንረከባለን።

ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ነው፤ የሰኔ ዝናብ ክዳን ሳይኖረው ካገኘው ይናዳል። ስለዚህ ቆርቆሮው ይቅደም። መጻሕፍቱ ለመስከረም ቢደርሱልን ይበቃናል።