ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤታችን ስለሚታየው ፊልም

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ጀምሮ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የሚታየውን «ሾን ዘ ሺፕ» (በጉ ሾን) የተሰኘ አስቂኝ የአኒሜሽን ፊልም ከልጆቻችሁ ጋር መጥታችሁ እንድታዩ በአክብሮት እንጋብዛችኋለን። ፊልሙን የሠራው በእንግሊዝ አገር የሚገኘው አርድማን ስቱዲዮ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ በቅቷል፤ 85 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ንግግር የሌለበት መሆኑ ነው። ከዚህ ቀደም ባሳየናቸው ፊልሞች እንግሊዝኛው የገባቸው ትልልቆቹ ሲስቁ፣ ትንንሾቹ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ሲጠይቁና መልሱን እስኪሰሙ ሳቁ ሲያልፍባቸው አይቼ ከልብ አዝኜ ነበር። በዚህኛው ግን በጎቹ ይጮኻሉ፣ ገበሬው ያጉረመርማል፣ ሌላውን ሁሉ ዓይንና አኳኋን ይናገራል፤ ስለዚህ የ1ኛ ክፍል ልጅም አያቱም እኩል ይስቃሉ።

በየቀኑ አንድ ዓይነት ኑሮ የሰለቻቸው በጎች አንድ ቀን ለማረፍ ሲሉ ገበሬውን ያስተኙታል፤ ነገሩ ግን ከእጃቸው ይወጣና ሰውየው ከተማ ገብቶ ማንነቱን ይረሳል፤ እነርሱም የሰው ልብስ ለብሰው ሊፈልጉት ይወጣሉ። የሚያስተኙት አንድ በአንድ አጥር እየዘለሉ ነው። በፈረንጆች ዘንድ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው በሐሳቡ በግ ይቆጥራልና፣ ይህን ልማድ ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ብትነግሯቸው ቀልዱ ይገባቸዋል። ባለቤት የሌላቸውን እንስሳት እያሳደደ የሚይዝ ሰው ስላለበት፣ ቶሎ የሚፈሩ ሕፃናት አጠገብ ብትቀመጡ መልካም ነው።

አሠራሩ ስቶፕ ሞሽን ይባላል፤ በውስጣቸው የብረት አጽም ያላቸውን አሻንጉሊቶች በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ በየመሐሉ ፎቶ ማንሳት ነው። ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል፤ የአንድ በግ ጆሮ ቀና እስኪል ድረስ ሠሪው ስንት ጊዜ ጎንበስ ቀና እንደሚል ገምቱ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ወለቃ ሸክላ ሠሪ እናቶች ከጭቃ ሰውና እንስሳ ሲቀርጹ ያየ የጎንደር ልጅ ይህን ሥራ ፈጥኖ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለሆነም ከፊልሙ በኋላ ተማሪዎቹ በየቡድናቸው ከጭቃ በግ ሠርተው በመምህራን ስልክ ፎቶ እያነሱ ጥቂት እርምጃ ያስኬዱታል። ጭቃውን እኛ እናዘጋጃለን፤ ቢቆሽሽ የማያስቆጭ ልብስ አልብሳችሁ አምጡልን። መብራት ከጠፋ ዝግጅቱ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ጎንደር