በባለቤቱ እጅ የተሠራ ቤትም ቅርስ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በሜልቦርን ምዕራባዊ ዳርቻ ስለሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊው የሴንት አልባንስ ቤቶች አርክቴክት ያልነደፋቸው፣ ባለቤቶቹ እንደሆነላቸው የገጣጠሟቸው ስለሆኑ በቅርስነት የሚያስመዘግባቸው ነገር የለም ይላሉ። እኔ ግን የሚያስመዘግባቸው ዋናው ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት አውስትራሊያ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ከሞላ ጎደል ቆሞ ነበር። መንግሥት ያቋቋመው የቤቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1944 የጎደለውን ቤት 300,000 ያህል አድርጎ ገመተው። ወታደሩ ከግንባር ተመለሰ፤ ከ1947 ጀምሮ ደግሞ 170,000 ገደማ የአውሮፓ ተፈናቃዮች በመርከብ ገቡ። ጡብ የለም፣ ሲሚንቶ የለም፣ አናጺና ግንበኛም አይገኝም። ሕዝቡ መዶሻውን ራሱ አነሣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ሲሶ ያህሉ የባለቤቶቻቸው የእጅ ሥራ ናቸው።

ወደ ሴንት አልባንስ የሄዱት ዩክሬናውያን፣ ፖላንዳውያን፣ ማልታውያንና ሌሎችም ርካሽ መሬት ፍለጋ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፤ የፍሳሽ መስመር አልተዘረጋም። ቀን በአቅራቢያው ባለው የሰንሻይን ሰፈር ፋብሪካዎች ይውላሉ፤ ማታና ቅዳሜና እሑድ ይገነባሉ። መጀመሪያ ከጓሮ ጠባብ ክፍል ይቀልሱና ቤተሰቡ እዚያ ይገባል። ከዚያ ደመወዝ በፈቀደ መጠን የፊተኛው ቤት ይነሣል፤ አንድ ዓመት መሠረቱ፣ ሌላ ዓመት ጣሪያው፣ ልጅ ሲጨመር ደግሞ አንድ መኝታ ክፍል። ወጋግራ አቁሞ፣ ማገር መትቶ፣ ጎረቤት በደቦ ጠርቶ ቤቱን ያስመረገ አባት ላለን ሰዎች ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

የቅርስ ግምገማ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአንድ ሀብታም ቤት ሲመረመር በኋላ የተቀጠለ ክፍል እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ ቤቱ ከመጀመሪያው መልኩ ርቋልና። በባለቤቱ እጅ ለተሠራ ቤት ግን «የመጀመሪያ መልክ» የሚባል ነገር የለም። ቅጥያው ራሱ ታሪኩ ነው። ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡት የማይመሳሰሉ መስኮቶች፣ በሳንቃ ተጀምሮ በአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሰሌዳ ያለቀው ግድግዳ፣ ከጓሮ የቀረችው ያች ጠባብ ክፍል፣ የአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ የኑሮ መዝገብ ናቸው። የአውስትራሊያ ቅርስ ጠባቂዎች የሚመሩበት እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የቡራ ቻርተርም ከውበት ሌላ ታሪካዊና ማኅበራዊ ፋይዳን ይቀበላል፤ የየዘመኑ አሻራ እንዲከበርም ያዛል። መመዘኛው አለ፤ የጎደለው በእነዚህ ቤቶች ላይ የሚሠራበት ሰው ነው።

የአርክቴክት እጅ የለበትም የሚለውም ቢሆን በጅምላ የሚባል አይደለም። በ1947 «ዘ ኤጅ» ጋዜጣ ከቪክቶሪያ አርክቴክቶች ተቋም ጋር ሆኖ የአነስተኛ ቤቶች አገልግሎት ከፈተ። በአርክቴክቱ በሮቢን ቦይድ መሪነት የሙሉ ቤት ንድፍ በአምስት ፓውንድ ይሸጥ ነበር። ንድፉን ገዝቶ የሠራው ግን ባለቤቱ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ ይህ ነው። በዚሁ በሜልቦርን፣ ኤልተም በተባለው ዳርቻ፣ ቤት ነዳፊውና ገንቢው አሊስተር ኖክስ በ1947 በጭቃ ጡብ ቤት መሥራት የጀመረው በዚያው የቁሳቁስ እጥረት ምክንያት ነበር። እነዚያ ቤቶች ዛሬ በአድናቆት ይጎበኛሉ፤ ከመካከላቸው በሕግ የተጠበቁም አሉ። ሁለቱንም የወለደቻቸው ያችው ችግር ናት። አንዱ በዛፍ በተሸፈነ ኮረብታ ላይ የታወቀ ስም ይዞ ቆመ፤ ሌላው በገላጣ ሜዳ ላይ ስማቸውን ማንም ባልጻፈላቸው ሰዎች ተሠራ። ልዩነታቸው ይህ ብቻ ሆኖ ሳለ አንዱ ቅርስ ሌላው ፍርስራሽ መባሉ ፍትሕ አይመስለኝም።

አስቤስቶስ አደገኛ መሆኑን አልክድም። አገሪቱ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ያገደችው በብዙ ሰው ሞት ተምራ ነው። ሰሌዳውን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ያንሣው፤ በሌላ ይተካ። የቤቱ አሠራር፣ የክፍሎቹ አቀማመጥና የግቢው ይዞታ ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ቤት የሌለው ሰው መብዛቱም እውነት ነው፤ ሁሉም ይጠበቁ አላልኩም። መሬቱ ሰፊ ነውና ፊተኛውን ትቶ ከኋላ መገንባት የሚቻልባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ቢያንስ ከጓሮ ክፍላቸው ጋር የቀሩ ጥቂት ቤቶች ይመዝገቡ። የሚፈርሱትም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ይለኩ። ቤቱን በልጅነታቸው ሚስማር እያቀበሉ ያሠሩ ልጆች ዛሬ አዛውንት ናቸውና ሳይዘገይ ይጠየቁ።

በእነዚህ ሰፈሮች ቤት የገዛችሁ ወገኖቼም አንድ ነገር ልለምናችሁ። በኮርኒሱ ላይ ወይም በጓሮው ክፍል ያረጀ ንድፍ፣ የሳንቃ መግዣ ደረሰኝ ወይም በእጅ የተጻፈ ሒሳብ ብታገኙ አትጣሉት፤ ለአካባቢው የታሪክ ማኅበር ወይም ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሜልቦርን