የአባትህን አይሱዙ በብረት ዋጋ እንዳትሸጣት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከአዳማ ሐዋሳ ድረስ ይድረስህ። ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስንቱን አብረን እንዳላሳለፍን እንዲህ ተጠፋፋን። ናፍቀኸኛል።

ሰሞኑን እናትህን ልጠይቅ ፍራንኮ ብቅ ብዬ ነበር። አይሱዙዋን ልትሸጣት እንደሆነ ነገሩኝ። ደላላው «ሞተሯ ሞቷል» ብሎ በብረት ዋጋ ጠይቋል አሉ። ነፍሳቸውን ይማርና አባትህ ከአሰላ እህል እየጫኑባት ነው ሁላችሁንም ያሳደጉት። አላስቻለኝም። እናትህን አስፈቅጄ ካቢናዋን አነሳሁት። ሞተሩን በእጅ ሳዞረው ይዞራል፣ አልነከሰም። ዘይቱም ውስጥ ውሃ የለም።

ከባትሪዎቹ ጀመርኩ። ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ደህና ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 አካባቢ ያሳያል። አንዱ ቻርጅ ተደርጎ አድሮም ከ10.5 አላለፈም፣ አንድ ሴል ሞቶበታል። ስትገዛ ጥንድ ግዛ፤ አሮጌው አዲሱን ይገድለዋል።

ከዚያ ከጎረቤት ባትሪ ተውሰን ቁልፉን አዞርን። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሮጦ ሞተሪኖ ይገዛል። መጀመሪያ ግን ማሳው፣ ማለትም ኃይሉ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መንገድ፣ ይለካ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርገህ ቁልፉን ታስዞራለህ። ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። የእናንተ ከ10 በላይ አሳየ! ኃይሉ መመለሻ አጥቶ መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። የማሳው ገመድ ከሻንሲው የታሰረበትን ቡሎን ስፈታው ዝገትና የአዳማ አቧራ ጠጥሮበታል። ብረቱ እስኪያበራ ፍቀን መልሰን አጠበቅነው። ያው አሮጌ ሞተሪኖ እንደ ልቡ አዞረ።

ግን አልተነሳችም። ከጭስ ማውጫውም ጭስ የሚባል የለም። ጭስ ከሌለ ናፍጣ እየደረሰ አይደለም። ሰርባቶዮው፣ የናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ ግማሽ ሆኖ ነው የቆመው። ቀን ሙቀት፣ ሌሊት ቅዝቃዜ ሲፈራረቅበት ባዶው ቦታ ውስጡን ያልበዋል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ደግሞ ተህዋስያን ይራቡና ልጋግ ይሠራሉ። ከታች ስከፍተው መጀመሪያ ውሃ ወረደ፣ ቀጥሎ ጥቁር ዝልግልግ ነገር። ፊልትሮውም በዚያው ተደፍኗል።

የወደድኩትን ሙከራ ልንገርህ። ሰርባቶዮውን ተውነውና ንጹህ ናፍጣ በጄሪካን ከፍ አድርገን ሰቀልን። በአዲስ የናፍጣ ጎማ (ቱቦ)፣ በአዲስ ፊልትሮ አድርገን ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ፖምፓ ጋር አገናኘነው። አየር ማውጫዋን ቡሎን ላላ አድርገን፣ አረፋው እስኪጠፋ በእጅ ፓምፗ ገፋን። ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተንገጫገጨች፣ ከዚያ ተነሳች! እናትህ እልልታቸውን አቀለጡት።

ስለዚህ ፖምፓ ወይም ኢንጀክተር ይቀየር የሚልህን አትስማ። ችግሩ ከሰርባቶዮው እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ነው። ሰርባቶዮው ወርዶ ይታጠብ። የናፍጣ ጎማዎቹም ይቀየሩ፤ ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ናፍጣ ባያንጠባጥቡም አየር ይስባሉ፣ መንገድ ላይ ያጠፏታል።

የግራ መብራቷ አይሠራም፣ ሽቦውን አይጥ በልቶታል። ኤሌትሪሲስታ ይየው። ፊውዙ እየተቃጠለ ካስቸገረ ግን በትልቅ ፊውዝ እንዳይተካው ንገረው፣ ሽቦው እሳት ይይዛል። ፍሬኑና ጎማው ሳይታይም ከግቢ እንዳትወጣ።

ከደላላው ቀብድ ተቀብለህ ከሆነ ዛሬውኑ መልስለት። ባትሪውን እዚያ እንዳትገዛ፤ ስትመጣ አብረን እንገዛለን። መቼ እንደምትመጣ ብቻ ጻፍልኝ፣ ሰርባቶዮውን እስከዚያ አስወርደዋለሁ።

ወንድምህ፣ ከአዳማ