የሥዕል ቅጂ ሲሸጥ ኦርጅናሉ እንዳይረክስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በደሴና በኮምቦልቻ የሚሠሩ ሠዓሊያን የሥዕላቸውን ፕሪንት (የታተመ ቅጂ) ለመሸጥ ሲያስቡ «ርካሹ ገበያ ከገባ ኦርጅናሉን ማን ይገዛዋል?» የሚል ስጋት ይይዛቸዋል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ኦርጅናሉን የሚያረክሰው ግን ስንት ቅጂ እንደወጣ አለመታወቁ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት ሳይታተም ቁጥሩ ይወሰን፤ ለገዢም ይነገር። 50 ከተባለ ኤ3ውም ኤ4ውም ተደምሮ 50 ነው። ኤ3ው ካለቀ በኋላ «ይኼ ሌላ መጠን ነው» ብሎ ሌላ 50 ማውጣት፣ ቀድሞ የገዛውን ሰው ማታለል ነው። ከምስሉ ሥር ባለው ነጭ ጠርዝ በግራ 12/50 (ከ50ው 12ኛው ማለት ነው)፣ በቀኝ ፊርማ በእርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ብርሃን ሲመታው ይደበዝዛል። ከጀርባው «ቅጂ» የሚል ማኅተም ይደረግበት፤ ለማንና በስንት እንደተሸጠም በመዝገብ ይያዝ። ቅጂው ምንጊዜም በመጠን ከኦርጅናሉ ያነሰ ይሁን። 80 በ100 ሳንቲሜትር የሆነ የዘይት ቀለም ሥዕል በዚያው ልክ ሸራ ላይ ከታተመ፣ ራቅ ብሎ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።

የኅትመቱ ጥራትም የሠዓሊው ስም ነው። ሥዕሉ በፍላሽ መብራት አይነሳ፣ የዘይት ቀለም ያንጸባርቃል፤ ደመናማ ቀን ጥላ ውስጥ፣ ካሜራው ከሥዕሉ መሐል ትይዩ ሆኖ ይነሳ። ኤ3ን በኢንች 300 ነጥብ ለማተም 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ያንሳል፤ እንደ ፋይል ይላክ። ማተሚያው ዳይ (ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ ቀለም) ሳይሆን ፒግመንት (የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ ያለበት) ቀለም እንደሚጠቀም ይጠየቅ፤ ዳይ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይለቃል።

ደሴ ክረምቱን በጉም ስለምትከርም ወረቀቱ የፍሬሙን መስታወት ከነካ ይጣበቃል፤ በመሐል የካርቶን ክፈፍ ይግባበት። ላሚኔት (የፕላስቲክ ሽፋን) ግን ፈጽሞ አይደረግ፤ አንዴ ከተለጠፈ ወረቀቱን ሳያበላሽ አይነሳም።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ኦርጅናሉን የገዛ ሰው የማባዛት መብት አብሮ አይገዛም፤ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ስላለ ብቻ ለካላንደር ማሳተም አይችልም። ጥበቃው ሠዓሊው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሆኖም ኦርጅናሉ የተሸጠ ከሆነ፣ ሠዓሊው ከማሳተሙ በፊት ለገዢው መንገር ይገባዋል።

የቅጂው ዋጋ ቁጥሩ ሊያልቅ ሲል ቢጨምር ያባት ነው፤ አልሸጥ ያለውን በግማሽ ማውረድ ግን በሙሉ ዋጋ የገዙትን ሁሉ ያስቀይማል።

በጣም ችላ የሚባለው ማተሚያ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው ነው። ቀለማቸው የተበላሸ ሙከራዎች እዚያው ይቀደዱ። 50ኛው እንደወጣ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ይሰረዝ፣ ከ«ሪሳይክል ቢን»ም ጭምር፤ ይህ ሲሆን ሠዓሊው ራሱ አጠገቡ ቆሞ ይይ።

ከሥዕልና ከፍሬም ሥራ ባልደረቦች
ደሴ