ለፀጉር ቤቷ እህቴና ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ

ውድ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከሁሉ በፊት ዛሬ ቁጭ ብዬ ይህን ለመጻፍ ላበቃኝ አምላክ ምስጋና ይድረሰው። የደረሰብኝን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማ ባጭሩ፦ ለግንባሬ መስመር የቦቶክስ መርፌ ተወጋሁ፣ ከዚያ ወጥቼ ፀጉሬን ልሠራ እዚያው አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ፀጉር ቤት ገባሁ፣ ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ከባድ አለርጂ ተነሣብኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጉሮሮዬ ሲጠብ የተሰማኝን ማውራት አልፈልግም፣ አሁንም እንቅልፍ ይነሣኛል። ማውራት የምፈልገው ስለ ሰዎች ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፀጉር ሠሪዬ። ስሜን እንዳትጽፊ ብላ ስለለመነችኝ ፀጉር ቤቷ እህቴ እላታለሁ። የሚያውቃት ያውቃታል።

መዳፌን ሳክ ያየችኝ እሷ ናት። ከዚያ ከንፈሬን አየች። የሷ ልጅ ለኦቾሎኒ አለርጂ አለበት፣ ለዓመታት ያንን ፊት ስትፈራ ኖራለች፣ ስለዚህ እኔ ገና «ሞቀኝ» እያልኩ እሷ ነገሩን ለይታዋለች። ወለሉ ላይ አስተኛችኝ። እግሬን በርጩማ ላይ ሰቀለችው። «እንዳትነሺ» አለችኝ፣ «ሽንት ቤት እንኳ ብትይ አላስነሣሽም።» ከቦርሳዋ የልጇን ኢፒፔን፣ ለከባድ አለርጂ የሚወጋውን የኤፒነፍሪን እስክሪብቶ፣ አወጣች፣ ሰማያዊውን መክደኛ ነቀለች፣ ብርቱካናማውን ጫፍ በሱሪዬ ላይ በጭኔ ጎን በኩል ተጫነችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ወዲያው ለድንገተኛ እርዳታ 911 ደወለች፣ መድኃኒቱን የሰጠችበትን ሰዓትም ነገረቻቸው።

ልጁ ትልቅ ልጅ በመሆኑ እስክሪብቶው የአዋቂ መጠን ያለው ነበር፣ 0.3 ሚሊግራም። ትንንሾቹ የሚታዘዝላቸው ግማሹ ነው። ይህንን ኋላ ሐኪም ሲነግረኝ አለቀስኩ። የልጇን ነፍስ ማትረፊያ ነው የሰጠችኝ። እናት የሆናችሁ ይገባችኋል።

ፀጉር ቤቱ በደንበኛ ሞልቶ ነበር፣ ሁሉም ሊረዳኝ ተነሣ። አንዷ ቤናድሪል የሚባለውን የአለርጂ መድኃኒት አወጣች፣ አንዷ ውኃ ይዛ መጣች፣ አንዲት እናት ሎሚ ላሽትታት ብለው ወደ ሱቅ ሮጡ። እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያችን ሩጫ እስክሞት አልረሳትም። እህቴ ግን ማንንም ሳታስቀይም «መጀመሪያ ይሄኛው፣ ሌላው ኋላ ይደርሳል» አለች። ለምን እንደሆነ ሆስፒታል ገብቼ ነው የተረዳሁት። ቤናድሪልና መሰሎቹ ማሳከኩንና ሽፍታውን ያስታግሳሉ እንጂ የጠበበ የአየር ቧንቧ አይከፍቱም፣ የወረደ የደም ግፊትም አያነሡም። ያንን የሚሠራው ኤፒነፍሪን ነው። እሱን ማዘግየት ነው ሰው የሚገድለው። ኢፒፔን ጥንድ ሆኖ ስለሚሸጥ ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች፣ ካልተሻለኝ ልትደግመኝ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም።

ሌላም አለ፣ ለኔ ከመድኃኒቱ እኩል የሆነ። ምንም አልጠየቀችኝም። «ምን ሆነሽ ነው የተወጋሽው?» አላለችም። «ይሄ ሁሉ ለቁንጅና?» አላለችም። የሆስፒታሉ ሰው ምን እንደወሰድኩ ሲጠይቅ ብቻ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «ሁሉንም ንገሪያቸው፣ እኔ ልውጣ?» አለችኝ። ልውጣ! ሚስጥሬን ልትጠብቅልኝ። ለደንበኞቿም «እዚህ የታየ እዚህ ይቅር» ብላቸዋለች፤ ወሬው የወጣው እኔ ራሴ ስናገር ነው። ቅዳሜ ቀን፣ ሙሽራ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየጠበቀች፣ ሥራውን ለጓደኛዋ ትታ አምቡላንሱን ተከትላ መጣች። ገንዘብ ብሰጣት ተቆጣችኝ። እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢ አውቃለሁ። የምከፍልሽ የለኝም። ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ጋሻ መከታ ያርግልሽ፣ ያንን መድኃኒት ዳግመኛ ለማንም የማታወጪበት ዕድሜ ይስጥሽ።

ያችን ሙሽራም አመሰግናለሁ። ሰዓቷ እየሄደ «እኔ እቆያለሁ፣ ሂጂ» ያለቻት እሷ ናት። ትዳርሽ ይባረክ።

ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ለድንገተኛ ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች ሁሉ፣ እጃችሁ ይባረክ። በተለይ ተሽሎኛል ልሂድ ብዬ ሳስቸግር «ይህ ነገር ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሣ ይችላል» ብሎ ያሳደረኝን ሐኪም። ተመልሶ ተነሣ። ሌሊት ነበር፣ አልጋው ላይ ነበርኩ፣ እነሱም አጠገቤ ነበሩ። ቤቴ ብሆን ኖሮ ማሰብ አልፈልግም።

አሁን ደግሞ ስለ አለርጂ ሐኪሜ። እሷን ሳላመሰግን ብዘጋ ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ነው።

ሁላችንም ጥፋተኛውን አውቀነው ነበር፦ ቦቶክሱ ነው። ባለቤቴም፣ ወዳጆቼም፣ እኔም። ሐኪሟ ግን «ሊሆን ይችላል፣ ግን እንየው» አለች። መርፌው ራሱ አለርጂ ማስነሣቱ እውነት ነው፤ ብዙ ባይሆንም የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ሽፍታ፣ እብጠት፣ የትንፋሽ መቆራረጥና አናፊላክሲስ (ሕይወት የሚያሰጋ ከባድ አለርጂ) ተጽፏል። ውስጡ ከሰው ደም የሚገኝ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለ። አንዳንዱ ቦቶክስ መሰል መርፌ ደግሞ የላም ወተት ፕሮቲን ርዝራዥ ሊኖርበት ስለሚችል የወተት አለርጂ ላለበት ሰው አይሰጥም። እሷ ግን በዚህ አላቆመችም። የዚያን ቀን ቆዳዬን የነካውን ነገር ሁሉ ጠየቀች። የማደንዘዣው ቅባት ምን ነበር? ጓንቱ ከምን የተሠራ ነው? ፊትሽን በምን ጠረጉት? ማን ይህንን ያስባል! ድንገተኛ ክፍል በዚያው ዕለት የተቀዳልኝን ደም የትሪፕቴዝ (ከባድ አለርጂ ሲነሣ ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር) ውጤት ፈልጋ አስመጣች፣ እውነተኛ አለርጂ መሆኑን ከዚያ አረጋገጠች። ከዚያ ሳምንታት አስጠብቃ፣ ሰውነቴ ሲረጋጋ፣ የቆዳ ምርመራ አደረገችልኝ።

ቦቶክሱ አልነበረም። ከመርፌው በፊት ፊቴ የተጠረገበት ማጽጃ ነበር። ክሎርሄክሲዲን ይባላል።

ሰምታችሁት ይሆናል፣ ሳታውቁት ግን ነክቷችሁ ሊሆን ይችላል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ቆዳ ይጸዳበታል፣ የጥርስ ሐኪም በሚያዘው የአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ አለ፣ ደም ሥር ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ ቱቦዎችም በሱ የተለበጡ ናቸው። ለአብዛኛው ሰው ምንም አይልም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ ግን በ2017 ብርቅ ቢሆንም ከባድ አለርጂ እንደሚያስነሣ አስጠንቅቋል። አያችሁ ይህች ሐኪም ምን እንዳደረገችልኝ? «ቦቶክስ ነው» ብለን ብንዘጋው ኖሮ ቦቶክሱን ትቼ ተረጋግቼ እኖር ነበር፣ አንድ ቀን ለቀዶ ሕክምና እተኛለሁ፣ ተኝቼ ሳለሁ በዚያው ነገር ይጠርጉኛል። አሁን በየፋይሌ ተጽፏል፣ የእጄ አምባር ላይም ተቀርጿል። ዶክተር፣ አማርኛ ባያነቡም ልጆቼ ይተረጉሙልዎታል። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

የክሊኒኩን ስም ንገሪን የምትሉኝ አላችሁ። አልናገርም። ከመርፌው በኋላ ትንሽ አቆይተው ቢያዩኝ እወድ ነበር፣ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። መዝገባቸውን ሲጠየቁ ግን አንድም ሳይደብቁ ሰጥተዋል፣ ማጽጃው የተገኘው በዚያ ነው። ለዚህ አመሰግናለሁ።

በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ እህቶች፣ ይህን ያህል ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። ለእናታችሁ ያልነገራችሁትን ለኔ ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ከኔ አይወጣም። ለብዙዎቻችሁ በየግል መመለስ ስላቃተኝ እዚህ ልበል። መርፌው የገባበት ቦታ ትንሽ ቢቀላ ወይም ቢበልዝ፣ የዓይን ቆብ ወረድ ቢል፣ ያ አለርጂ አይደለም፣ ለወጋችሁ ሰው ደውሉ። በደቂቃዎች ወይም በሰዓት ውስጥ ሰውነት ሲያሳክክ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ሲያብጥ፣ ድምፅ ሲጎረንን፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ራስ ሲያዞር ግን 911 ነው፣ ቀጠሮ አይደለም። ከሰዓታት አልፎ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን መዋጥ ወይም መተንፈስ ቢከብዳችሁ፣ መናገር ቢያስቸግራችሁ፣ ያም ሌላ አደጋ ነው፣ መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ ርቆ ሲሠራ የሚመጣ። ኤፍዲኤ ከ2009 ጀምሮ በማሸጊያው መግለጫ ላይ በጥቁር ሳጥን ውስጥ ያስጻፈው ማስጠንቀቂያ እሱ ነው። ስትሄዱም የምትወጉት ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚጠርጓችሁ ስሙን ጠይቁ። ኤፒነፍሪን አላችሁ ወይ በሉ። አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ባለቤቴን እዚህ ማመስገን ይከብደኛል፣ ይቆጣኛል። ብቻ፣ ያን ሌሊት እግሬን ይዘህ ስትጸልይ ተኝታለች ብለህ ነበር። አልተኛሁም። ሰምቼሃለሁ።

የማርያም ማኅበርተኞቼ፣ የዕቁብ ጓደኞቼ፣ ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አጥሚቱንና ምሳውን በየተራ ያመጣችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከደሴ፣ ከዱባይ የደወላችሁ ዘመዶቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ፣ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደንብ አላስታውስም፣ ማን ገባ ማን ወጣ አላውቅም። የበሩ እጀታ ላይ ሽሮና በርበሬ አንጠልጥሎ የሄደ ሰው ማን እንደሆነ እስካሁን አልተነገረኝም። እባካችሁ አትቀየሙኝ። «እኔ ነኝ» ብላችሁ ደውሉልኝ፣ ቡናው ቤቴ ነው።

አክባሪያችሁ እህታችሁ፣ ከሜሪላንድ